ቶልፑድል የምትባል መንደር፦ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አያትሽስ እግሯን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ፣ «እነዚህ ቤቶች ላይ የሰው ስም የተጻፈው ለምንድን ነው?» ብለሽኝ ነበር። በስልክ ልነግርሽ ስጀምር ኔትወርኩ እየቆራረጠ አስመረረን። ደግሞም በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዛሬ ሥራ ስለማልገባ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልሽ።

መንደሯ ቶልፑድል ትባላለች። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት በሚባለው አውራጃ ውስጥ ናት። ከዶርቼስተር ከተማ ወደ ምሥራቅ ከ10 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። እኔ ካለሁበት ከቦርንመዝ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ትንሽ ናት ስልሽ በጣም ትንሽ። ነዋሪዋ 500 እንኳን አይሞላም። አንድ ዋና መንገድ አላት፣ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ብዙዎቹ ጣሪያቸው ወፍራም የሣር ክዳን ነው። አዎ፣ እንግሊዝ አገርም የሣር ክዳን ቤት አለ፤ ያውም ዛሬ ውድ ቤት ነው። ድሮ ትልቁ የመኪና መንገድ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፍ ነበር። አሁን ከመንደሩ ውጪ ስለተቀየሰ ጸጥ ብላለች።

አጠገቧ ፒድል የሚባል ቀጭን ወንዝ ይፈሳል። በአካባቢው ካሉት መንደሮች ብዙዎቹ ስማቸውን የወሰዱት ከዚህ ወንዝ ነው። የቶልፑድልን «ቶል» ግን የሰጠቻት አንዲት ሴት ናት። ቶላ ትባላለች። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ክኑት ባለሟል የነበረ ሰው ሚስት ነበረች። መሬቱን አቦትስበሪ ለሚባል ገዳም ሰጠች። ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ስሟ ግን እስከዛሬ መንገድ ዳር ታፔላው ላይ አለ። እኔ ይሄን ስሰማ ደስ አለኝ።

እዚያ የሄድኩት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ነው። የእኛ የአረጋውያን እንክብካቤ ሠራተኞች ማህበር በየዓመቱ ሐምሌ ላይ አውቶቡስ ተከራይቶ ይሄዳል። የማህበራችን ተወካይ «ነይ፣ ይሄን ቦታ ሳታዪ እንዳትቀሪ» ስላለችኝ ሄድኩ። የምነግርሽን ነገር እዚያ አይቼና ሰምቼ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እያነበብኩ ነው ያወቅሁት።

መጀመሪያ ስለ ዛፉ። መንደሩ መሃል ባለች ትንሽ የሣር ሜዳ ላይ የቆመ ሲካሞር የሚባል ዛፍ ነው። ባለሙያዎች በ2005 ለክተውት በ1680ዎቹ እንደበቀለ ገምተዋል። ግንዱ ዙሪያው 6 ሜትር ገደማ ነው። ቅርፊቱ እየተላጠ ግራጫና ቀላ ያለ መልክ አለው። ቅርንጫፎቹን በየጊዜው እየከረከሙ ያሳጥሩታል፤ አለበለዚያ በራሱ ክብደት ተሰንጥቆ ይወድቃል። በ1833 የመንደሩ የእርሻ ሠራተኞች ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ እዚህ ዛፍ ሥር እየተሰበሰቡ ይመካከሩ ነበር ይባላል። እኛ አገር ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነገር እንደሚያዩት ማለት ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ዛፉ 150 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ግንዱን ነካሁት። ሰው ሁሉ ይነካዋል።

ምን ነበር የሚመካከሩት? ስለ ደመወዝ ነው። ያን ጊዜ የዶርሴት ገበሬ ሠራተኛ የራሱ መሬት የለውም። ድሮ ሁሉም ከብቱን የሚያሰማራበት የጋራ መሬት በባለርስቶች ታጥሮ ተወስዷል። ክረምት ላይ ሠራተኛው እህል እየወቃ ነበር እንጀራውን የሚያገኘው። የመውቂያ ማሽን መጣና ያንንም ወሰደበት። በ1830 በደቡብ እንግሊዝ ብዙ ቦታ ሠራተኞች ተነስተው ማሽን ሰባበሩ፣ የእህል ክምር አቃጠሉ። መንግሥት ክንዱን አነሳባቸው። ሰዎች ተሰቀሉ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ደግሞ ባሕር ማዶ ተጋዙ።

የቶልፑድል ሰዎች ማሽን አልሰበሩም። በሰላም ጠየቁ። ተወካያቸው ጆርጅ ላቭለስ የሚባል የሦስት ልጆች አባት ነበር። ቀን ያርሳል፣ እሁድ ደግሞ ሜቶዲስት የሚባለው የፕሮቴስታንት እምነት ሰባኪ ነው። ማንበብና መጻፍ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነበር። አሠሪዎቹ በአካባቢው የሚከፈለውን፣ ማለትም በሳምንት 10 ሽልንግ፣ እንከፍላለን ብለው ቃል ገቡ። የደብሩ ቄስም እዚያው ነበር። «አሠሪዎቻችሁ ቃላቸውን ቢያጥፉ እኔ ምስክራችሁ ነኝ» አላቸው።

ከዚያ 9 ሽልንግ ሆነ። ቀጥሎ 8። ቀጥሎ 7። በመጨረሻ 6 እናደርገዋለን ተባሉ። ሰዎቹ ወደ ቄሱ ሲሄዱ ቄሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላልኩም» አለ። ላቭለስ በኋላ በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ይሄን በዝርዝር አስቀምጦታል። ሳነበው አንጀቴን በላው። ድሃ ሰው ምስክር አድርጎ የቆጠረው ሰው ሲክደው ምን ይሰማዋል?

በጥቅምት 1833 ማህበር መሠረቱ። «የእርሻ ሠራተኞች የመረዳጃ ማህበር» ማለት ነው ስሙ። መግቢያው አንድ ሽልንግ፣ መዋጮው በሳምንት አንድ ፔኒ። ከለንደን ከትልቁ የሠራተኞች ማህበር ሁለት ሰዎች መጥተው እንዴት እንደሚደራጁ አሳዩአቸው። መተዳደሪያ ደንባቸው ላይ፣ ዓላማችን በዓመፅ ሊሳካ አይችልም የሚል አንቀጽ ነበረበት። እንግዲህ እነዚህ ናቸው አደገኛ የተባሉት ሰዎች።

ስብሰባው የሚደረገው ቶማስ ስታንድፊልድ የሚባለው ሰው ቤት፣ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል ነበር። ቤቱ ዛሬም አለ። የሣር ክዳን ያለው ተራ ቤት ነው። ሰው ስለሚኖርበት ከደጅ ነው የምታዪው። እኔ መስኮቶቹን አንጋጥጬ ሳይ ቆየሁ። አዲስ አባል ሲገባ ዓይኑን በጨርቅ ያስሩታል። ጸሎት ይደረጋል። ከዚያ ጨርቁ ሲፈታለት ፊት ለፊቱ ቁመቱ ሰው የሚያህል የአጽም ሥዕል ያያል። «መጨረሻህን አስብ» ይባላል። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የማህበሩን ምስጢር ላያወጣ ይምላል። ዛሬ ስንሰማው ይገርማል እንጂ በዚያ ዘመን የአገሪቱ የመረዳጃ ማህበራት ብዙዎቹ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማው መሐላው ነው። አባል መሆኑ ከታወቀ ደግሞ በማግስቱ ሥራ የለውም። ለዚያ ነው ምስጢሩ።

ያቺ መሐላ ናት የያዘቻቸው። ሞርተን በሚባለው ጎረቤት መንደር ጄምስ ፍራምፕተን የሚባል ባለርስትና ዳኛ ነበር። ስለ ማህበሩ ሰማ። ለአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ለሎርድ ሜልበርን ጻፈ። አንድ ችግር ግን ነበር፤ ማህበር መመሥረትን የሚከለክለው ሕግ በ1824 ተሽሯል። ስለዚህ በማህበርተኝነት ሊከሷቸው አይችሉም። ፈልገው ፈልገው በ1797 የወጣ ሕግ አገኙ። ያ ሕግ የወጣው መርከበኞች ባመፁ ጊዜ ነው፣ ሕገወጥ መሐላ ማስገባትን የሚከለክል። ለመርከበኛ የወጣውን ሕግ አምጥተው በአራሾች ላይ ጣሉት።

የካቲት 24 ቀን 1834 ጠዋት ጆርጅ ላቭለስ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል የመንደሩ ፖሊስ ደጁ ላይ ጠበቀው። ስድስቱም ተያዙ፦ ጆርጅ ላቭለስ፣ ወንድሙ ጄምስ ላቭለስ፣ ቶማስ ስታንድፊልድ፣ ልጁ ጆን ስታንድፊልድ፣ ጄምስ ሃሜትና ጄምስ ብራይን። ቤቶቹ ላይ ያየሻቸው ስሞች እነዚህ ናቸው። ከሃያዎቹ መጀመሪያ እስከ አርባዎቹ ያሉ ሰዎች ነበሩ። የቶማስ ሚስት የላቭለሶቹ እህት ናት። ማለትም ከአንድ ቤተሰብ አራት ወንድ በአንድ ጠዋት ተወሰደ። ዶርቼስተር ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ማንም አልሮጠም፣ ማንም አልታገለም። እስር ቤት ሲገቡ ፀጉራቸውን ላጯቸው።

ስለ ሃሜት አንድ ነገር ይነገራል። መሐላው በተፈጸመበት ማታ እሱ አልነበረም፣ የነበረው ወንድሙ ነው ይላሉ። የወንድሙ ሚስት ልትወልድ ደርሳ ስለነበር ሃሜት ዝም ብሎ በወንድሙ ፈንታ ሄደ። ፍርድ ቤትም «እኔ አይደለሁም» አላለም።

እዚህ ጋ ቆም ልበልና ወዳንቺ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት፣ «ፋብሪካችን ውስጥ ልጆች ማህበር ለመመሥረት ስም እየሰበሰቡ ነው፣ አለቃችን ግን ስሙን የጻፈ ይጸጸታል ብሏል፣ እማ ምን ላድርግ?» ብለሽኝ ነበር። ያን ዕለት መልስ አልሰጠሁሽም። ፈርቼ ነው። እናት ነኝ፣ ሥራሽን እንድታጪ አልፈልግም። ግን የነዚህን ሰዎች ነገር ስጽፍልሽ ሐሳቤ ጠራልኝ።

እነሱን የጎዳቸው መጠየቃቸው አይደለም። ጨለማ ውስጥ እንዲምሉ ያስገደዳቸው የሚጠብቃቸው ሕግ አለመኖሩ ነው። አንቺ ዛሬ ያለሽበት አገር ሕግ ግን አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ሠራተኛ ማህበር የማቋቋም መብት ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማህበር ማቋቋም እንደሚቻል ይላል። በማህበር አባልነት ምክንያት ሠራተኛ ማባረርንም ይከለክላል። ሕግ ስላለ ብቻ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ማለቴ አይደለም፣ እንደዛ ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ግን በቀን ብርሃን አድርጉት። የተባባላችሁትን ጻፉ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ኮፒውን ቤት አስቀምጡ። አለቃው የተናገረውንም ከነቀኑ ጻፉት። የሠራተኛ ማህበራቱ ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ ሄዳችሁ ምክር ጠይቁ። እዚህ አገር ማህበራችን መጀመሪያ ያስተማረኝ ይሄንኑ ነው፦ የተጻፈ ነገር። የቶልፑድል ሰዎች የቄሱ ቃል በጽሑፍ ቢኖራቸው ኖሮ ቢያንስ ሊክዳቸው አይችልም ነበር።

ስምሽን ትጽፊ አትጽፊ እኔ አልወስንልሽም። ብትጽፊ ግን ከኋላሽ ነኝ። ሥራ ብታጪ እንኳ አንቺና አያትሽ አትራቡም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የተፈረደባቸው ፍርድ ቤት ዶርቼስተር ውስጥ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሻየር ሆል ይባላል። እኔ ሌላ ቀን ለብቻዬ ሄጄ አየሁት። ከምድር ቤት ጨለማ ክፍሎች አሉ፤ ከዚያ በጠባብ ደረጃ ስትወጪ በቀጥታ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ትቆሚያለሽ። ሳጥኑ ያኔ እንደነበረው ነው። ስድስት ሰው እዚያ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ነው የሚቆመው። ከጨለማው ድንገት ወጥተሽ ዳኛውን ከፍ ብሎ ተቀምጦ ታዪዋለሽ። እኔ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ጉልበቴ ራደ።

የፈረዱት ሰዎች የመሬት ባለቤቶችና ተከራይ ገበሬዎች ነበሩ። ማለትም የአሠሪ ወገን። ላቭለስ እንዲናገር ሲፈቀድለት ያለው ተጽፎ ቀርቷል። ሕግ ጥሰን ከሆነ ሆን ብለን አይደለም፤ የማንንም ስም፣ ክብር፣ አካል ወይም ንብረት አልጎዳንም፤ የተሰበሰብነው እኛ፣ ሚስቶቻችንና ልጆቻችን ከውርደትና ከረሃብ እንድንተርፍ ነው አለ። መጋቢት 19 ቀን 1834 እያንዳንዳቸው የሰባት ዓመት ግዞት ተፈረደባቸው።

አምስቱ ሰሪ በምትባል መርከብ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ሲድኒ ተላኩ። ጆርጅ ታሞ ስለነበር ቆይቶ ብቻውን ወደ ታዝማኒያ ተላከ። መንገዱ ብቻ ወራት ይፈጃል። ሲደርሱ እንደ ዕቃ ለእርሻ ባለቤቶች ተከፋፈሉ። ሃሜት በአንድ ፓውንድ እንደ ባሪያ ተሸጥኩ ብሎ በኋላ ተናግሯል።

ቤት የቀሩት ሚስቶችስ? እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በዚያ ዘመን ለድሃ ቤተሰብ ደብሩ እርዳታ ይሰጥ ነበር። እነሱ ግን ተከለከሉ። ባሏ ለማህበር ገንዘብ ያዋጣ ሴት እርዳታ አይገባትም ተባለ። የጆርጅ ሚስት ቤትሲ፣ የቶማስ ሚስት ዲናያ፣ ሌሎቹም ልጆቻቸውን ይዘው ባዶ ቤት ቁጭ አሉ። የደረሰላቸው የማያውቁት ሰው ነው። በየከተማው ያሉ ማህበርተኞች ሳንቲም በሳንቲም አዋጥተው ላኩላቸው። መንደሩ ውስጥ ስለ ስድስቱ ወንዶች ብዙ ነገር ተጽፏል። ስለ ሴቶቹ ግን ያን ያህል አላየሁም። ቢጻፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ሚያዝያ 21 ቀን 1834 ለንደን ውስጥ፣ ዛሬ ኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ካለበት ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰበሰበ። ከ200,000 በላይ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ተሸክመው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። አስቢው፣ ያኔ ስልክ የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ ብዙው ሰው መጻፍ አይችልም። ሜልበርን ከእንዲህ ያለ ሕዝብ እጅ አልቀበልም አለ። ሰልፉ በሥርዓት መጥቶ በሥርዓት ተበተነ። አንድ መስኮት አልተሰበረም። ከዚያ በኋላም አላቆሙም። ፓርላማ ውስጥ እየደጋገሙ አነሱት። መጋቢት 1836 ላይ፣ ሎርድ ጆን ራስል የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆኖ ሳለ፣ ሙሉ ምሕረት ተደረገላቸው።

ምሕረቱ ግን ቶሎ አልደረሳቸውም። ጆርጅ ላቭለስ ታዝማኒያ ውስጥ ዜናውን ያገኘው ከጋዜጣ ነው። ሊመለስ ሲል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቤትሲ ወደዚያ እንድትመጣ ጽፎላት ነበር። እሱ ወደ እንግሊዝ ሲሄድ እሷ ወደ ታዝማኒያ ስትመጣ ባሕር ላይ እንዳይተላለፉ ፈራ። ስለዚህ ነጻ ሰው ሆኖ እያለ መልሷን እስኪያገኝ ጠበቀ። ይሄን ሳነብ አንቺና እኔ በቪዛ ጉዳይ ያሳለፍነው ትዝ አለኝ። በ1837 እንግሊዝ ገባ። አራቱ በ1838፣ ሃሜት ደግሞ በ1839 ተመለሱ።

በተዋጣ ገንዘብ ኤሴክስ በሚባል የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ የእርሻ መሬት ተከራዩላቸው። እዚያም ባለርስቶቹ ዓይናቸው ቀላ። በ1840ዎቹ አምስቱ ቤተሰባቸውን ይዘው ካናዳ ሄዱ፤ ኦንታሪዮ ውስጥ ለንደን በምትባል ከተማ አካባቢ ገበሬ ሆነው ኖሩ። ስለ ድሮው ነገር ለልጆቻቸው እንኳ ብዙም አላወሩም ይባላል። ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ ማለት ነው።

ወደ ቶልፑድል የተመለሰው ሃሜት ብቻ ነው። ለምን እንደተመለሰ ብዙ አስቤያለሁ። የከሰሱት ሰዎች ጎረቤቶቹ ናቸው። ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ፣ እንደነበረው ከእጅ ወደ አፍ ኖረ። በ1875 የእርሻ ሠራተኞች ማህበር ሰዓት ሸለመው። ሲያረጅ ዓይኑ ደከመ። ለልጆቹ ሸክም አልሆንም ብሎ በራሱ ፈቃድ ዶርቼስተር ወደሚገኘው የድሆች መጠለያ ገባ። በ1891 እዚያው አረፈ። እኔ በየቀኑ የምንከባከባቸው ሽማግሌዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ አሉ፤ ማንንም ማስቸገር የማይፈልጉ። ውኃ እንኳ ሲጠማቸው አይጠይቁሽም። አንቺ ራስሽ አይተሽ ነው የምታቀርቢላቸው።

መቃብሩ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ሲቀበር የአካባቢው ባለርስት መቃብሩ አጠገብ ቆሞ ማንም ንግግር እንዳያደርግ ጠብቋል ይባላል። ከዚያ ከ40 ዓመት በላይ ድንጋይ እንኳ አልነበረውም። በ1934፣ መቶኛው ዓመት ሲከበር፣ ኤሪክ ጊል የሚባል ዝነኛ ቀራጺ ድንጋዩን ሠራለት። «ጄምስ ሃሜት፣ የቶልፑድል ሰማዕት፣ የሠራተኛ ማህበር ፈር ቀዳጅ፣ የነጻነት አርበኛ» ይላል። ፊደሎቹ ንጹሕ፣ ጌጥ የሌለባቸው ናቸው።

ፎቶው ላይ ያየሽው የቤቶች ረድፍም የተሠራው በዚያው በ1934 ነው። የእንግሊዝ ሠራተኞች ማህበራት ምክር ቤት ስድስት ቤት አሠርቶ እያንዳንዱን በአንዱ ሰው ስም ሰየመው። ለጡረተኛ የእርሻ ሠራተኞች መኖሪያ እንዲሆን ነው። ከሁሉም የወደድኩት ይሄን ነው። ሐውልት ብቻ አቁመው መሄድ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን አሮጌ ሠራተኛ የሚያርፍበት ቤት ሠሩ። ሃሜት መጠለያ ውስጥ በሞተበት አገር! መሃሉ ላይ ሙዚየሙ አለ፣ ትንሽ ነው፣ መግቢያም አያስከፍልም። ደጁ ላይ የድንጋይ ሐውልት አለ። ዛፉ አጠገብ ደግሞ የሣር ክዳን ያለው የእንጨት መጠለያ አለ፤ እሱንም በ1934 ያሠራው ኧርነስት ደበንሃም የሚባል በአካባቢው ርስት የነበረው ነጋዴ ነው። ከዝናብ ያስጠልላል። እኛንም አስጠልሎናል።

ሜቶዲስቶቹ በ1818 የሠሩት የድሮው ጸሎት ቤትም አለ። ላቭለስና ጓደኞቹ ራሳቸው እየሠሩ ያቆሙት ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የእርሻ መጋዘን ሆኖ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ገዝተው አሳደሱት። ከእሱ ወዲህ ያለው አዲሱ ጸሎት ቤት በር ላይ በ1912 የቆመ የመታሰቢያ ቅስት አለ፤ ላቭለስ ፍርድ ቤት የተናገረው ቃል ተቀርጾበታል።

በዓሉ በየዓመቱ ሐምሌ አጋማሽ አካባቢ፣ ቅዳሜና እሁድ ነው። ያቺ ጸጥ ያለች መንደር ሰው አይችላትም። ከየከተማው ማህበርተኛ ባነሩን ይዞ ይመጣል፦ ባቡር ነጂ፣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ እሳት አደጋ፣ እንደኔ ያለ ተንከባካቢ። የማርሽ ባንድ አለ። እሁድ የአበባ ጉንጉን የሃሜት መቃብር ላይ ይደረጋል፣ ከዚያ ሰልፉ በዚያ አንድ መንገድ ያልፋል። ፊሊፒናዊ፣ ሕንዳዊ፣ ናይጄሪያዊ አየሁ። አንዲት ኤርትራዊት እህትም አገኘሁ፤ በሆስፒታል ጽዳት የምትሠራ። በትግርኛና በአማርኛ እያቀላቀልን አወራን። ሳንድዊቼን ተካፈልን፣ እሷ ደግሞ ከቤቷ ሕምባሻ ይዛ መጥታ ነበር።

ከእንግዲህ በስልክ «የእነማን ስም ነው?» ስትይኝ አጭር መልስ አለኝ። ለሚመጣው ሐምሌ ደግሞ የቅርንጫፋችንን ባነር አንዱን እንጨት አንቺ ያዢ ብለውኛል። ባነሩ ከባድ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ይጎትትሻል አሉኝ። እሺ ብያለሁ። የአያትሽን መድኃኒት ለማስጨረስ እንዳትረሺ፤ ገንዘቡን ማክሰኞ እልካለሁ። ፋብሪካ ውስጥ የሆነውንም ጻፊልኝ፣ ከነቀኑ።

የምትወድሽ
እናትሽ